«ለማንም አልናገርም» ብዬ ምዬ ነበር

ጥያቄ፦

«የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ባለፈው ዓመት የአቻ ለአቻ ድጋፍ ቡድን ሲያቋቁም መምህራን ከመረጧቸው ተማሪዎች አንዷ ሆንኩ። ሁለት ቀን ሥልጠና ወሰድን፤ ስለ ማዳመጥ ተማርን፤ ባጅ ተሰጠን፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሰበሰበን ሰው የለም። ከሁለት ወር በፊት አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ በእረፍት ሰዓት መጥታ አለቀሰችብኝ። እንቅልፍ እንደማይወስዳትና ምንም ነገር ደስ እንደማይላት ነገረችኝ። ከመናገሯ በፊት ግን ለማንም እንዳልናገር አስምላኝ ነበር፤ እኔም ማልኩላት። አሁን በየሌሊቱ መልእክት ትልክልኛለች። ባለፈው ሳምንት ‹እኔ ባልኖር ለሁሉም ይቀላቸዋል› ብላ ጻፈችልኝ። ስልኬን አጥፍቼ መተኛት ፈራሁ። ፈተና ወድቄያለሁ፤ እናቴ ምን ሆንሽ ስትለኝ መልስ የለኝም። መሐላዬን ባፈርስ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል? ቡድኑን ብለቅስ እንደ ከሃዲ እቆጠራለሁ? ደግሞስ እኛ ልጆች ልጆችን እንረዳለን ማለታችን ራሱ ልክ ነው?

መሐላዬ የከበደኝ»

መልስ፦

ውድ ልጄ፣

ይህ ዓምድ ለደብዳቤዎች የሚመልሰው በተራ ስለሆነ አንድ ጥያቄ ታትሞ እስኪወጣ ሳምንታት ያልፋሉ። ያንቺ ግን ተራ የሚጠብቅ አልነበረምና በደረሰኝ ዕለት አጭር መልስ በቀጥታ ልኬልሽ ነበር። ሌሎች አንባቢዎችም ነገሩን ከመነሻው እንዲከታተሉት ያን መልስ እዚህ ባጭሩ እደግመዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ሁለተኛው ደብዳቤሽ እሻገራለሁ። ልጅቱን ሊያስለዩ የሚችሉ ዝርዝሮችን በፈቃድሽ ለውጫለሁ።

የጻፍኩልሽ ይህ ነበር። «እኔ ባልኖር ለሁሉም ይቀላቸዋል» የሚለውን ቃል ከእንግዲህ ብቻሽን ልትይዥው አይገባም፤ ዛሬውኑ፣ ከትምህርት ቤት ግቢ ሳትወጪ፣ ለምታምኚው አንድ አዋቂ ንገሪ፤ መልእክቱንም ከስልክሽ አውጥተሽ አሳዪ። ከተቻለ ልጅቱን ይዘሻት ሂጂ፤ እምቢ ካለችሽ ግን እንደምትሄጂ ነግረሻት ሂጂ። አዋቂው እስኪደርስ ድረስ አንድ ሰው አጠገቧ ይሁን። በሌሊት የባሰ ነገር ከጻፈችልሽ ደግሞ ንጋትን አትጠብቂ፤ እናትሽን ቀስቅሺያት፣ ለልጅቱ ቤተሰቦች ወይም ለድንገተኛ አደጋ አገልግሎት ይደወል።

ለምን እንዲህ እንዳጣደፍኩሽ ላብራራ። ሰው ሲከፋው ብዙ ነገር ይናገራል፤ «ምነው ባልተፈጠርኩ» ያለ ሁሉ ሞቱን የሚሻ አይደለም። ይሁን እንጂ ራስን ለሌሎች ሸክም አድርጎ መቁጠር በአእምሮ ጤና ሙያ ያሉ ሰዎች በተለይ ጆሮ የሚሰጡት ምልክት ነው። በዚህ ላይ እንቅልፍ ማጣት ሲጨመርበት፣ ቀድሞ ደስ ይል የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙን ሲያጣ፣ ይህም ሳይቋረጥ ሁለት ወር ሲዘልቅ፣ ነገሩ ማስፈራሪያ ነው ወይስ የምር ነው ብሎ መመዘን የባለሙያ ሥራ ይሆናል። አንቺ የዳኝነቱን ሥራ መሥራት አይጠበቅብሽም። የሚጠበቅብሽ ነገሩ ዳኛው ዘንድ እንዲደርስ ማድረግ ብቻ ነው።

ሥልጠናችሁ ላይ ሳይነገር የቀረ የሚመስለኝን አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ብዙ አቻ ደጋፊዎች፣ እውነቱን ለመናገር ብዙ መምህራንም፣ «ራስሽን ስለ ማጥፋት እያሰብሽ ነው ወይ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ያልነበረን ሐሳብ የሚያስገባ ይመስላቸዋል። በዚህ ላይ የተደረጉ ጥናቶች የሚያሳዩት ጥያቄው ሐሳቡን እንደማይተክል ነው፤ ብዙ ጊዜም የተጠየቀው ሰው እፎይ ይላል፤ ለካ ይህም የሚነገር ነገር ኖሯል ብሎ። ስለዚህ አንድ ሰው በዙሪያ ጥምጥም ሲናገር ቃሉን ስም ሰጥቶ መጠየቅ ነውር የለበትም። መልሱ «አዎ» ከሆነ ግን ቀጣዩ እርምጃ ምክር መስጠት ሳይሆን ወደ አዋቂ መውሰድ ነው። አዋቂዎቹ ደግሞ ከሁሉ አስቀድመው የሚሠሩት ሥራ አላቸው፤ አባቶቻችን «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ያሉት ያለ ነገር አይደለምና፣ በቤት ውስጥ ራስን ለመጉዳት የሚያገለግል ነገር ከልጅቱ እጅ እንዲርቅ ማድረግ የእነሱ ድርሻ ነው።

«ለማን ልንገር?» ብትዪ፣ ትምህርት ቤቱ የሥነ ልቦና አማካሪ ካለው ለእሱ፤ ከሌለው ለሆም ሩም መምህርሽ፣ ለርእሰ መምህሩ ወይም ሰው ሲናገር አንገቱን ደፍቶ ለሚያዳምጥ ለየትኛውም መምህር። የመጀመሪያው «ልጅነት ነው፣ ያልፍላታል» ብሎ ከሸኘሽ ሁለተኛው ጋ ሂጂ፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ካለሽ ሦስተኛው ጋ። ይህን የምልሽ አዋቂዎችን ለማሳጣት አይደለም፤ በሥራ የተወጠረ ሰው የሚሰማው ግማሹን ብቻ ስለሆነ ነው። ልጅቱ የምትሰጋው ቤተሰቧን ከሆነ ደግሞ ይህንኑ ሳትደብቂ ተናገሪ፤ የችግሩ ምንጭ ቤት ውስጥ ሊሆን ስለሚችል ለወላጅ መቼና በማን በኩል ይነገር የሚለውን አዋቂዎቹ አስበውበት ይወስኑ።

ሁለተኛው ደብዳቤሽ ከአሥር ቀን በኋላ መጣ። ለአንዲት መምህርት ነገርሽ። መምህርቷ በዕለቱ ልጅቱን ጠርታ አነጋገረቻት፤ ቤተሰቧም ተጠርቶ ወደ ባለሙያ ተወሰደች፤ እየታከመችም ነው። ልጅቱ ግን «አንቺም እንደ ሁሉም ነሽ» ብላ ጻፈችልሽና ከዚያ ወዲህ ዘጋችሽ፤ ኮሪደር ላይ ስትተላለፉ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። አንቺም «የሰው ምስጢር አውጥቼ የገዛሁት ጠላት ነው» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት፤ ምክንያቱም እኔም በዚያው ኮሪደር አልፌያለሁ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት በአማካሪነት ተቀጥሬ ቢሮዬ በር ላይ «እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል» የሚል ወረቀት በትልልቅ ፊደል ጽፌ ለጥፌ ነበር። ጽሑፉ ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ ልጅ ወረቀቱን አንብቦ ገባና ዝም ተብሎ ሊታለፍ የማይችል ነገር ነገረኝ፤ እኔም ግዴታዬ ስለነበረ ለሚመለከታቸው ተናገርኩ። ልጁ ከወራት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ በጣቱ በሩን እያሳየኝ «መናገርህ አይደለም ያናደደኝ፤ ያ ወረቀት ነው» አለኝ። የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ገንጥዬ ጣልኩት፤ ማጣበቂያው የተወው አራት ማዕዘን ምልክት ግን ቢሮውን እስክለቅ ድረስ በሩ ላይ ነበር።

እንግዲህ ስሕተት ነበረ ከተባለ ስሕተቱ መሐላው ውስጥ እንጂ መናገርሽ ውስጥ አልነበረም። መሐላውም ቢሆን ያንቺ ጥፋት ብቻ አይደለም፤ ለአሥራ ስድስትና ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጆች የሰው ምስጢር ተቀበሉ ብሎ ባጅ የሰጠ ሰው፣ ምስጢር ወሰን እንዳለው ከሁሉ በፊት ማስተማር ነበረበት። ወሰኑን ለማስረዳት ረጅም ንግግር አያስፈልግም። የሚያዋይሽ ሰው አጠገብሽ እንደተቀመጠ፣ ገና ሳይጀምር፣ እንዲህ ማለት ይበቃል፦ «የምትነግሪኝን የወሬ ማጣፈጫ አላደርገውም። አንቺ ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ይችላል ብዬ ከሰጋሁ ግን ብቻዬን አልይዘውም። ለማን እንደምናገር ደግሞ ከሌላ ሰው በፊት አንቺ ትሰሚያለሽ።» ይህን ሰምቶ ተነሥቶ የሚሄድ ይኖራል። በእኔ ልምድ ከሄዱት ብዙዎቹ ከቀናት በኋላ ተመልሰው መጥተዋል፤ ያልተመለሱትም ቢሆኑ ቢያንስ አልተታለሉም።

ከዚህ ወሰን ወዲህ ያለው ሁሉ ምስጢር ነው፤ በዚህ ላይ ጥብቅ እንድትሆኚ እፈልጋለሁ። ማን ማንን እንደወደደ፣ የማን ወላጆች እንደተጣሉ፣ ማን ስንት እንዳመጣ ለቅርብ ጓደኛሽም ቢሆን አይነገርም፤ በቡድኑ ስብሰባ ላይ እንኳ «አንዲት ልጅ» እየተባለ ቢወራ ሦስት ፍንጭ ከተጨመረበት ልጅቱ ማን እንደሆነች ይታወቃል። አቻ ደጋፊን እምነት የሚያሳጣው ለደኅንነት ሲባል ለአማካሪ መናገር ሳይሆን በምሳ ሰዓት የሚንጠባጠበው ወሬ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቶቹ መልእክቶች ልምጣ፤ ጭንቀቱ የባሰው በቀኑ ንግግራችሁ ሳይሆን በእነሱ ይመስለኛልና። በላክሽልኝ ገለጻ መሠረት ነገሩ ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነበር የሚሄደው፦ እሷ የቀኑን ክፉ ክፉውን ትጽፋለች፣ አንቺ «አይዞሽ» ትያለሽ፣ እሷ ደግሞ ያንኑ ከሥሩ ትጀምራለች፤ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ድረስ። አማንዳ ሮዝ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተመችው ጥናት ለዚህ ልማድ ስም ሰጥታዋለች፤ በአማርኛ «አብሮ ማመስኳት» ብለው ያስኬዳል ብዬ አስባለሁ። ላም የበላችውን መልሳ እንደምታመሰኳ ሁሉ፣ ሁለት ጓደኛሞች አንዱን ችግር መፍትሔ ሳይፈልጉለት ደጋግመው ሲያላምጡት፣ ወዳጅነታቸው እየጠበቀ ይሄዳል፤ የድባቴና የጭንቀት ምልክቶችም ከዚሁ ልማድ ጋር አብረው ይገኛሉ። ክፋቱ ይህ ነው፤ በቅርበቱ ምክንያት ነገሩ ጥሩ እየሠራ ይመስላል። በእነዚያ ሁለት ወራት በመካከላችሁ የነበረው ፍቅር ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን እሷ አልዳነችም፤ አንቺም ታመምሽ።

ማዳመጥና አብሮ ማመስኳት የሚለያዩት በሰዓትና በአቅጣጫ ነው። ጥሩ አቻ ደጋፊ አንድን ጉዳይ አንድ ጊዜ በደንብ ይሰማል፤ የሰማውን በራሱ ቃል መልሶ «በትክክል ገባኝ ወይ?» ብሎ ያረጋግጣል፤ ከዚያም «እስከ ነገ ድረስ ምን ቢሆን ትንሽ ይቀልሽ ነበር?» ወደሚለው ጥያቄ ያሸጋግራል። በሦስተኛው ቀን ያው ነገር ያለ ለውጥ ተመልሶ ከመጣ፣ ያ ነገር ከአቻ አቅም በላይ ስለሆነ ወደ አማካሪ መሻገር አለበት ማለት ነው። ሰዓቱን በተመለከተ ደግሞ ሳልለሳልስ ልንገርሽ፤ አቻ ለአቻ ድጋፍ የሌሊት ሥራ ሊሆን አይገባም። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት ይገባቸዋል። አንቺ በአራት ሰዓት እንቅልፍ የሌላውን ሕይወት ለመጠበቅ ስትሞክሪ ነበር፤ ፈተናውን ባትወድቂ ነበር የሚገርመኝ።

ሦስተኛው ጥያቄሽ፣ ልጆች ልጆችን መርዳታቸው ልክ ነው ወይ የሚለው፣ ከሁሉ የሚከብድና ከሁሉ የሚያጓጓ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆናቸው ልጆች ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር እንዳለበት ይገምታል። አርባ ተማሪ ባለበት ክፍል አምስት ወይም ስድስት ልጆች ማለት ነው። እነዚህ ልጆች ሆዳቸውን የሚያዋዩት አስቀድመው ለጓደኛ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ቡድን ቢያቋቁምም ባያቋቁምም ይህ ይሆናል። ስለዚህ «ልጆች ይግቡበት ወይስ አይግቡበት?» የሚለው ክርክር ጊዜው ያለፈበት ነው፤ ገብተውበታል። የሚቀረው ጥያቄ ከኋላቸው ማን አለ የሚለው ነው።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። በአሜሪካ «የጥንካሬ ምንጮች» የሚል ትርጉም ባለው ስም የሚታወቅ የአቻ ለአቻ ፕሮግራም በ18 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል። በትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች የሠለጠኑት የአቻ መሪዎች፣ ገና ካልሠለጠኑት ጋር ሲነጻጸሩ፣ ራሱን ስለ ማጥፋት የሚያስብን ጓደኛ ወደ አዋቂ የማድረስ ዕድላቸው አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እባክሽ የተለካው ምን እንደሆነ ልብ በይ። ተማሪዎቹ ስንት ሰው አዳኑ፣ ስንት ሰው አጽናኑ ተብለው አይደለም የተመዘኑት፤ ስንቱን ወደ አዋቂ አደረሱ ተብለው ነው። አንቺ ያደረግሽው፣ እስከ ዛሬም እንደ ክህደት የምትቆጥሪው ነገር፣ በዚያ ሚዛን ሲታይ የሥራው ዋና ውጤት ነው።

ሌላም ጥናት አለ፤ ይህን እንኳ ለትምህርት ቤታችሁ ኃላፊዎች ብታሳዪልኝ ደስ ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ በታተመ ጥናት በ10 የአውሮፓ አገሮች በሚገኙ 168 ትምህርት ቤቶች ከ11 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተሳትፈዋል። በአንዱ ምድብ መምህራን ምልክቶችን እንዲለዩ ሠለጠኑ፤ በሌላው ባለሙያዎች ለአደጋ የተጋለጡ ተማሪዎችን በመጠይቅ ለዩ፤ በሦስተኛው ደግሞ ተማሪዎቹ ራሳቸው፣ ሁሉም በየክፍላቸው፣ በአራት ሳምንት ውስጥ በጠቅላላው አምስት ሰዓት ያህል ስለ አእምሮ ጤና ተማሩ፤ ጭንቀትን፣ ግጭትን፣ የጓደኛን ችግር በድራማ መልክ እየተጫወቱ ተወያዩበት። ከአሥራ ሁለት ወር በኋላ ምንም የተለየ ነገር ካልተደረገላቸው ጋር ሲነጻጸሩ፣ በሦስተኛው ምድብ ራስን የማጥፋት ሙከራም ሆነ ከባድ ሐሳብ በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኘ። በሁለቱ ሌሎች ምድቦች ይህን የመሰለ ግልጽ ልዩነት አልታየም። ከዚህ የምረዳው፣ ለጥቂት ምርጥ ተማሪዎች ባጅ ከማደል ይልቅ መላውን ክፍል ማስተማር የበለጠ ዋጋ እንዳለው ነው፤ ያኔ የምስጢሩ ሁሉ ሸክም አንድ ሰው ትከሻ ላይ አያርፍም።

የዕድሜ እኩያ ቅርበት ከሥልጠናና ከክትትል ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚያፈራ ለማየት ደግሞ ኬንያን መመልከት ይቻላል። «ሻሚሪ» በተባለው ፕሮግራም ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ገና የወጡ ወጣቶች ሠልጥነው፣ የድባቴ ወይም የጭንቀት ምልክት ላለባቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በቡድን በቡድን ለአራት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ሰው መለወጥ እንደሚችል፣ ስለ ምስጋናና ስለ ራስ እሴቶች አወያዩ። 413 ተማሪዎች የተሳተፉበት የዚህ ሥራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል፤ የድባቴና የጭንቀት ምልክቶቹ ከማነጻጸሪያው ቡድን በበለጠ ቀንሰዋል። አወያዮቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ባለሙያም አልነበሩም። ነገር ግን የሚያደርጉት በወረቀት ተዘጋጅቶላቸዋል፤ የሚያበቃበት ቀን ተቆርጧል፤ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲገጥም የሚላክበት ቦታ ታውቋል። ለአንቺ ከእነዚህ አንዱም አልተሰጠሽም።

ስለ ባጁም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፤ ምናልባት እኔን ብቻ የሚያሳስበኝ ይሆናል። የከፋው ልጅ በእረፍት ሰዓት ግቢ ሙሉ ተማሪ እያየው ባጅ ወዳንጠለጠለ ሰው ሄዶ የሚቀመጥበት ምክንያት የለውም፤ መሄዱ ራሱ ማስታወቂያ ይሆንበታላ። የ9ኛ ክፍሏ ልጅ ወደ አንቺ የመጣችው በባጁ ምክንያት አይመስለኝም። ምናልባት ቀደም ሲል በስሟ ጠርተሻት ይሆናል፤ ወይም ሌሎች ሲስቁባት አንቺ ሳትስቂ ቀርተሽ ይሆናል። ለዚህም ነው አቻ ደጋፊ በውጤት ደረጃው ወይም በመምህር ፊት ባለው ጨዋነት ብቻ መመረጥ የለበትም የምለው። ተማሪዎቹ ራሳቸው «ሲከፋችሁ ማንን ታናግራላችሁ?» ተብለው በወረቀት ቢጠየቁ፣ መምህራን ፈጽሞ ያልጠበቋቸው ሁለት ሦስት ስሞች ይወጣሉ፤ አንዳንዱ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ረባሽ ይሆናል።

ቡድኑን ልልቀቅ ወይ ላልሽው፣ መልቀቅ መብትሽ ነው፤ ከሃዲም አያሰኝሽም። እኔ ብሆን ግን ከመልቀቄ በፊት ለአስተባባሪው መምህር አንድ ገጽ ደብዳቤ እጽፍ ነበር። በደብዳቤው ውስጥ ልመና አይኑር፤ የምትጠይቂው የሚገባሽን ነው። በእያንዳንዱ የትምህርት ቀን ልናገኘው የምንችለው አዋቂ ማን ነው፣ እሱ ባይኖርስ ተተኪው ማን ነው? ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ተሰብስበን የገጠመንን ስም ሳንጠራ የምናወያየው ባለሙያ ወይም የሠለጠነ መምህር ይኖራል? አንድ ደጋፊ በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ይይዛል? የግል ስልካችንን መስጠት ለምን አልተከለከለም? በራሳችን ቤት ሐዘን ወይም ሕመም ሲገባ ያለ ሐፍረት እረፍት የምንወስድበት መንገድ አለ? ለእነዚህ መልስ ካገኘሽና ልብሽ ከፈቀደ ከወር ከሁለት ወር እረፍት በኋላ ተመለሺ። መልሱ ዝምታ ከሆነ ባጁን አስረክቢ፤ ከኋላው አዋቂ የሌለበት ቡድን ለሚረዳውም ለሚረዱትም አደገኛ ነውና ቢዘጋ ይሻላል ብዬ የማምን ሰው ነኝ። በዚህ አቋሜ የሚከፉብኝ የሥራ ባልደረቦች እንዳሉ አውቃለሁ።

እናትሽን አትርሺያት። «ምን ሆንሽ?» ስትልሽ የልጅቱን ስም ሳትጠሪ ልትመልሺላት ትችያለሽ፦ «አንዲት ልጅ በጣም የከበደ ነገር ነግራኝ ነበር፤ አሁን አዋቂዎች ይዘውታል፤ እኔ ግን አሁንም ያስፈራኛል» ማለት ይበቃል። የማንም ምስጢር አይወጣም፤ የሚወጣው የራስሽ ሁኔታ ነው፤ እሱ ደግሞ በመሐላ የታሠረ አይደለም። ለመምህርቷም ንገሪያት፤ ለሁለት ወር የከበደ መልእክት ሌሊት ሌሊት ስታነብ የቆየች ልጅ ራሷ የሚያነጋግራት ሰው ያስፈልጋታል። ስልኩ በጮኸ ቁጥር የሚያስደነግጥሽ ከሆነ፣ እንቅልፍሽ ካልተመለሰ ወይም መጽሐፍ ከፍተሽ አንድ መስመር ደጋግመሽ የምታነቢ ከሆነ ይህን ሳታሳንሺ ለአማካሪ አስረጂ። ስልኩ ራሱ ከእንግዲህ ከአልጋሽ አጠገብ አይደር።

በመጨረሻ ፊቷን ስለምታዞርብሽ ልጅ። ተከትለሻት አትሂጂ፤ በጓደኞቿም በኩል ሰላም አትላኪባት፤ «ላንቺው ብዬ ነው» ብለሽም አታስረጂ፤ ይህች ቃል እውነት ብትሆንም ለተቆጣ ሰው ጆሮ ትመራለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ በወረቀት፣ አጠር አድርገሽ ጻፊላት፦ «ለማንም አልናገርም ብዬ መማል አልነበረብኝም፤ ለእሱ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ። ለመምህርቷ መናገሬን ግን አሁንም ደግሜ አደርገዋለሁ። ልታናግሪኝ ስትፈልጊ አለሁ፤ ባትፈልጊም አይከፋኝም።» ወረቀቱን ራስሽ ስጪያትና ቆመሽ ሳትጠብቂ ሂጂ። መልስ ካልመጣ ሁለተኛ አትጻፊ፤ ኮሪደር ላይ ስትተላለፉ ግን ፊቷን ብታዞርም ሰላም በያት።